ሻምበል ባዬ እና የሽመሏ ሙሽሪት

የሻምበል ባዬን ሞት ያረዱኝ ሐጂ ኢድሪስ ናቸው። ሐጂ መተማ ዮሐንስ ውስጥ የትራክተርና የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሻምበል የመጨረሻ ዓመቶቻቸውን የኖሩት ከእሳቸው ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ሐጂ ስልክ ሲያወሩ ድንበር ማዶ፣ ሱዳን ገላባት ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል ይጮኻሉ። ያን ቀን ግን ድምፃቸው ዝቅ አለብኝና «ሐጂ፣ አልሰማዎትም» አልኳቸው።

«ሰውዬሽ አረፈ» አሉኝ። «ወባዋ ተመላልሳ ጣለችው። ኸላስ። ዘመድ ፈለግን፣ የለም። ካንቺ ሌላ የማውቀው የለኝም ትዕግሥት፤ ነይና እንቅበረው።»

ያኔ ከሻምበል ጋር የሠራሁበትን መሥሪያ ቤት ለቅቄ ጎንደር ውስጥ አስተምር ነበር። በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መኪናው አይከልን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምርና ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «አባት ናቸው?» አለችኝ። «አይደሉም» አልኩ። «ታዲያ ምንሽ ናቸው?» ሻምበል ምኔ እንደነበሩ ለመናገር ምን እንሠራ እንደነበር መናገር ይጠይቃል፤ ያንን ደግሞ ላለመናገር ፈርመናል። ዛሬም ቢሆን የምጽፈው የእሳቸው የሆነውን ብቻ ነው። የመንግሥት የሆነው መንግሥት ዘንድ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ከመተማ ወጣ ብሎ፣ ባለቤቱ ከስሮ በተወው የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። የሚሊኒየሙ በዓል ሊከበር ሽርጉድ በሚባልበት ሰሞን ነበር። መሥሪያ ቤታችን መጋዘኑን ተከራይቶ ጥቂት ሰዎችን ከየቦታው ሰብስቧል፤ እኔ የካሜራና የሬዲዮ ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። ሥራው ሰው የማይሳፈርባት፣ ከሩቅ የምትመራ፣ ድንበር የምትቃኝ ትንሽ አውሮፕላን መሥራት ነው። ዛሬ ሕፃኑም አዋቂውም «ድሮን» ይላታል፤ ያኔ ቃሉን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። የእኛዋን ለየት የሚያደርጋት ራዳር እንዳያያት፣ ጆሮ እንዳይሰማት፣ ዓይንም ቶሎ እንዳይለያት ተብላ መታሰቧ ነው።

በሩን ከፍቼ ስገባ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት የካኪ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ አንድ ሽመል በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። ሽመል ቆላ የሚበቅለው ድፍኑ ቀርከሃ ነው፤ አገሬው ዱላ ያደርገዋል፣ ቤት ይሠራበታል። እሳቸው እንደ ሐኪም ጎንበስ ብለው ያዳምጡታል።

«ነይ እስኪ» አሉኝ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ። «ጆሮሽን አውሺኝ።»

ጎንበስ አልኩ። አንኳኩ። «ጥርት ያለ ነው ወይስ ያፍናል?» አሉኝ።

«ያፍናል መሰለኝ።»

«ጎሽ። ነቀዝ አለበት» ብለው ወረወሩት። ስሜን የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው።

የግራ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። ወጣት ሳሉ ባሕር ማዶ ተልከው የአውሮፕላን አካል ሥራ ተምረዋል፤ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከጄት ሞተር ጋር ኖረዋል። መንግሥት ሲለወጥ ከሠራዊቱ ተሰናብተው፣ ወደ ተወለዱበት ወደ ገለጉ አካባቢ ተመልሰው፣ ለባለሀብቶች ትራክተር ሲጠግኑ ቆይተው ነው የተጠሩት። ድምፅ እንዲያጠፋ የተቀጠረው ሰው ራሱ አይሰማም እያልን እንስቅ ነበር። እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። «የግራውን ለመንግሥት ሰጥቻለሁ፤ የቀኙ የራሴ ነው» ይላሉ። እርሳሳቸውን የሚሰኩት በማይሰማው ጆሯቸው ላይ ነበር። ለምን ቢሏቸው «ሥራ እንዳይፈታ» ነው መልሳቸው። እርሳሱ ከዚያ የሚወርደው ሲስሉ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይመለሳል።

እኔን ስም አወጡልኝ። ካሜራዬን ሊያዩ መጥተው የምሠራውን ካስረዳኋቸው በኋላ «እና ባለቤቱ ሳያውቅ መልኩን ከላይ ሆነሽ ትወስጃለሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «አንቺማ ሰላቢ ነሽ» አሉ። ሰላቢ በአገራችን ሳይታይ ከሰው ጎተራ እህል፣ ከሰው እንስራ ቅቤ የሚወስድ ነው ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ ሰላቢ» ሆኜ ቀረሁ።

አውሮፕላኗ በወረቀት ላይ ቁጥር ነበራት፤ እኛ ግን «ሙሽሪት» ነበር የምንላት። ሁልጊዜ በነጭ አቡጀዲ ተሸፍና ስለምትውልና ከኛ በቀር ማንም እንዲያያት ስለማይፈቀድ ነው። አጥንቷ ሽመል፣ ቆዳዋ ቫርኒሽ የጠጣ ስስ ጨርቅ። ከላይ የሚመጡ ጎብኚዎች አቡጀዲው ሲገለጥ ያፍሩባት ነበር። ከውጭ የሚገባ ዘመናዊ ነገር ጠብቀው የጎጆ ጣራ የመሰለ ነገር ያያሉ። ሻምበል እርሳሳቸውን አውርደው ያስረዷቸዋል። የራዳር ሞገድ ብረት ሲያገኝ ነጥሮ ይመለሳል፤ ሽመልና ጨርቅ ግን አብዛኛውን ያሳልፉታል። ሞተሯ ብረት ስለሆነች ከሆዷ መካከል ደብቀዋታል። የጭስ መውጫዋን ወደ ላይ አዙረውታል፣ ድምፁ ወደ ሰማይ እንዲሄድ። ፕሮፔለሯን ሰፋ አድርገው ቀስ ብሎ እንዲዞር አድርገውታል። ሆዷን ሰማያዊ እንቀባ ስንል ደግሞ እጃችንን ይዘው ወደ ውጭ አወጡን። «ቀና በሉ። የመተማ ሰማይ በአጨዳ ወራት ሰማያዊ ነው እንዴ?» አልነበረም። አቧራና የገለባ ጭስ ያመደው ሰማይ ነው። ሆዷን አመድማ ቀባናት።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ አንድ ኮሎኔል ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሳቂታ ናቸው፣ ከራሳቸው ኪስ ለስላሳ ይገዙልናል። ሁላችንም በተሰበሰብንበት በመጀመሪያው ሳምንት ሻምበል ተነሥተው ቆሙ።

«ኮሎኔል፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር» አሉ። «እኔ ዓይን እሠራለሁ፤ እጅ አልሠራም። ይቺ ነገር አይታ የምትመለስ ከሆነች አለሁ። ሌላ ነገር ካሰባችሁ አሁኑኑ ልሂድ።»

«እሱማ ምን ጥያቄ አለው?» አሉ ኮሎኔሉ። «የታዘዝነው ቅኝት ነው።»

«እኔ ልሙት ይበሉ።»

«እኔ ልሙት!» አሉ ኮሎኔሉ እየሳቁ።

እኛ ይህንን ቃል እንዴት እንደምንጠቀምበት የታወቀ ነው። ሻይ ጨምሪ ስንል እኔ ልሙት፣ ትንሽ ቆዩ ስንል እኔ ልሙት። ኮሎኔሉም ያሉት እንደዚያ ነው። ሻምበል ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር የሰሙት። እውነት መሐላ ተቀብለው ተቀመጡ።

ለምን እንደዚያ እንዳስማሏቸው የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ሞተሯን ስንሞክር እሳቸው እንደልማዳቸው ከሩቅ ያቆሙኝና «ጆሮሽን አውሺኝ፤ ሲጠፋብሽ እጅሽን አንሺ» ይሉኛል። መጀመሪያ አካባቢ ከሜዳው ማዶ ሆኜም እንደ ሞተር ሳይክል ይሰማኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ግማሽ መንገድ እንኳ ሳልሄድ ጠፋብኝ። እጄን አነሳሁ፤ ደስ ብሎኝ ዘለልኩ። ዞር ስል ሻምበል አንድ የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ደርሼ «ምነው? ተሳካ እኮ!» ብላቸው «ተሳካ» አሉ፣ መርዶ እንደሚያወራ ሰው።

ያን ቀን አወሩኝ። በጦርነቱ ጊዜ አንድ አውሮፕላናችን ደጋ ላይ ወድቆ፣ የሚተርፈውን ዕቃ እንዲያወጡ እሳቸው ተላኩ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዛቸውና አንድ ዋሻ ገቡ። ዋሻው ሰው ሞልቶታል፤ ሕፃን፣ አሮጊት፣ ፍየል ሳይቀር። ሰዎቹ ከአውሮፕላን ድብደባ ሸሽተው ቀን ቀን የሚኖሩት እዚያ ነበር። ሻምበል ሲቪል ለብሰው ስለነበር ማንም አላወቃቸውም። አንዲት አሮጊት ቆሎ ዘገኑላቸው። «እንዴት ተረፋችሁ እማማ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ድምፁ ነው ያተረፈን» አሉ አሮጊቷ። «ገና ከተራራው ማዶ ሳለ ይጮኻል። እሱን ስንሰማ ልጁን አንጠልጥለን እንገባለን። ያንን ድምፅ የሠራውን እጁን ይባርከው።»

ሻምበል ይህን ሲነግሩኝ መሬት መሬት ያያሉ። «እኔን እኮ ነው የመረቁኝ» አሉ። «የጦር አውሮፕላን አዘጋጅቼ የላክሁ እኔ፣ ስለጮኸ ብቻ ተመረቅሁ። ሌላ ምርቃት በዕድሜዬ አላገኘሁም። ይኸው ዛሬ ያንን ድምፅ ገደልሁት፤ አንቺ ደግሞ ዘለልሽ።»

«ይቺ እኮ አትተኩስም፤ ዓይን ናት» አልኳቸው።

«ለዚያ ነው ያስማልሁት» አሉ።

ማሽላው መብሰል ሲጀምር የመጨረሻው ፈተና መጣ። ከላይ የመጡ ሰዎች ራዳር በመኪና ጭነው አምጥተው ሞክረዋታል፤ አላያትም ማለት ይቻላል። የቀረው የሰው ዓይን ነበር። ሻምበል «ቀኑን ሙሉ ሰማይ የሚያይ ሰው ፈልጉ» አሉ። እንደዚያ ያለ ሰው ደግሞ በዚያ ወራት ሞልቷል። የማሽላ እርሻ መካከል ከእንጨት የተሠራ ረጅም ማማ ይቆማል፤ ማማው ላይ ወፍ ጠባቂ ወንጭፉን ይዞ ይውላል። ግሪሳ ወፍ ከሱዳን በኩል እንደ ደመና ይመጣል፤ ዓይኑን ከሰማይ ያነሳ ጠባቂ ማታ የሚያስረክበው ማሽላ አይኖረውም።

ሙሽሪትን ከአንድ ወፍ ጠባቂ በላይ አሳለፍናት። ጠባቂው አያ ጎሹ ይባላል፤ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ በስክሪኑ አየዋለሁ። ማማው ላይ ቆሞ እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ ወዲህ ወዲያ ይቃኛል። አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደኔ ያየ መሰለኝ። አላየም። ዞረች፣ ተመልሳ አለፈች፣ ከማማው በላይ ዙሪያውን ከበበችው። እሱ ቆሞ ሳንባውን ሞልቶ ይዘፍን ነበር፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታየኛል። አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ማሽላው ላይ የሰፈረው ግሪሳ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ሸሸ።

ከሰዓት በኋላ እሸት የምንገዛ መስለን ሄድን። አያ ጎሹ ከማማው ወርዶ አጫወተን። ሻምበል በዘዴ ጠየቁት። «ዛሬ ሰማዩ እንዴት ዋለ?»

«ምን አለው ጌታው፣ እንደወትሮው ነው። ወፉ ግን ድንገት ብድግ ብሎ ሄደልኝ። ጭልፊት አይቶ መሆን አለበት።»

«አንተስ ጭልፊቱን አየኸው?»

«አላየሁም። ወፍ የሚያየውን እኔ የት አያለሁ?»

ኮሎኔሉ ጎኔን ጎሸም አደረጉኝ፤ ደስታቸውን ፊታቸው መደበቅ አልቻለም። እኛ ልንሄድ ስንነሳ ሻምበል ግን አልተነሡም።

«አያ ጎሹ፣ ከላይ ድምፅ ሰምተህ ቢሆንስ ኖሮ?» አሉት። «የሚያስፈራ ድምፅ። ያኔ ምን ታደርግ ነበር?»

«እወርዳለኋ!» አለ እየሳቀ። «እዚች ላይ የቆመ ሰው እኮ ከገላባት ይታያል። እወርድና ማሽላው ውስጥ እገባለሁ። ማን ጅል አለ ቆሞ የሚጠብቅ?»

ሁሉም ሳቀ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዘፈን ተከፈተ። ሻምበል ግን እስከ መጋዘኑ ድረስ በመስኮት በኩል ማማዎቹን ያዩ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ ንድፍ መጣ። ኮሎኔሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ራቅ ብለው ቆሙ። ንድፉ የኛዋ ሙሽሪት ናት፤ በሁለቱ ክንፎቿ ሥር ግን ቀድሞ ያልነበሩ ነገሮች ተስለዋል።

«ምንድን ናቸው?» አሉ ሻምበል።

«ማንጠልጠያ ናቸው።»

«ምን ሊንጠለጠልባቸው?»

ኮሎኔሉ ወደ በሩ አዩ። «ከላይ ነው የመጣው፣ ሻምበል። እኔ ልሙት፣ በኔ ፈቃድ አይደለም።»

«ኮሎኔል፣ ስንቴ ይሞታሉ?» አሉ ሻምበል።

ማንም አልሳቀም። ሻምበል ግን አልተቆጡም፣ ጥለውም አልሄዱም። «ይሞከር» አሉ። ያ በጣም ከነከነኝ። ሰውየው ሸሚዛቸውን እንደቆለፉ፣ እርሳሳቸውን እንደሰኩ ማንጠልጠያውን ራሳቸው ገጠሙት። አዘንኩባቸው፤ እኔ ራሴ ምንም ሳልናገር እሳቸው እንዲናገሩ ነበር የጠበቅኩት።

ለሙከራው ሙሽሪትን መጋዘኑ መካከል ክንፎቿን ዘርግተን አቆምናት። የሚሰቀልባትን ነገር ያህል የሚመዝን አሸዋ በከረጢት ተሞላ። ሁሉም ከብቦ ቆመ። ከረጢቶቹ ሲሰቀሉ ክንፎቹ ጎንበስ አሉ፤ ሽመሉ ሲጥጥ ማለት ጀመረ። ሻምበልን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ክንፉ አዙረው ቆመዋል። ያን ቀን ጆሮሽን አውሺኝ አላሉኝም። የሚመጣውን ያውቁ ነበር። ሽመሉ ተሰበረና ክንፉ ከነጨርቁ መሬት ላይ ተንጠፈጠፈ፤ አሸዋው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ወፍራም ሽመል ይግባበት!» አሉ ኮሎኔሉ።

አንዱ መሐንዲሳችን አሰላው። ሽመሉ ሲወፍር ክብደቷ ይጨምራል፤ ያቺ ትንሽ ሞተር አታነሳትም። ትልቅ ሞተር ሲገባ ደግሞ ሆዷ ውስጥ አይደበቅም፣ ፕሮፔለሩም መፍጠን አለበት። ያኔ ከተራራ ማዶ ትሰማለች። ብረት ክንፍ ቢደረግ ራዳር ያያታል። ከየትኛው ጫፍ ቢጀምሩ የሚደርሱት ያው ነው። መሐንዲሱ ወረቀቱን አስቀምጦ ሻምበልን አያቸው፤ ቀስ በቀስ ሁላችንም አየናቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሽመል ካልሆነ ብለው ሲሟገቱ የሰጡት ምክንያት ሁሉ እውነት ነበር። አንዱን ብቻ አልነገሩንም።

«አውቀህ ነው» አሉ ኮሎኔሉ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የሚሏቸው።

«አውቄ ነው» አሉ ሻምበል። «ማየት ከፈለገች ዝም ትላለች። መግደል ከፈለገች ትጮኻለች። እንደዚያ አድርጌ ነው የሠራኋት። እርስዎ ማሉልኝ፤ እኔ ግን መሐላዎን ሽመሉ ላይ ጻፍሁት።»

በማግሥቱ ሁለት ሰዎች በፒካፕ መጥተው ወሰዷቸው። ሲወጡ በአጠገቤ አልፈው «አይዞሽ ሰላቢ» አሉኝ። ፕሮጀክቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። መጋዘኑን ስንለቅ የሙሽሪት አቡጀዲ የመኪና መስታወት መወልወያ ሆነ፤ የዘበኞቹ አለቃ ደግሞ ከክንፏ ላይ አንዱን ሽመል መርጦ ዱላ አደረገው።

ሻምበል ታስረው ሲፈቱ ጡረታም፣ የሥራ ማስረጃም አልነበራቸውም። እዚያው መተማ ሐጂ ኢድሪስ ዘንድ ተጠጉ። ድሮ ለሙሽሪት ብሎን የምንገዛው ከሐጂ ነበርና፣ ምን እንደምንሠራ ስለማይጠይቁን የምንወዳቸው ሰው ነበሩ። ከዓመት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ከሱቁ ጀርባ የምሰማው የቆርቆሮ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ሻምበል የወፍ ማስፈራሪያ ይሠራሉ። ረጅም ሽመል ጫፍ ላይ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ፕሮፔለር ያስራሉ፤ ነፋስ ሲመጣ ይዞርና ብሎኑ ባዶ የዘይት ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ፕሮፔለሩ የሙሽሪት ቅርፅ ነው፤ አየሁትና አወቅኩት።

«ወላሂ፣ ይህ ሰውዬ ደንበኛ አባረረብኝ» ይላሉ ሐጂ። «አንተ፣ ትንሽ ጸጥ የሚል አይሠራም?»

«እሱን ሠርቼ አይቸዋለሁ» ይላሉ ሻምበል።

እርሻው ሁሉ በእሳቸው ጩኸት ተሞላ። ከገላባት ማዶ ያሉ ገበሬዎች ሳይቀሩ እየመጡ ይገዙ ነበር። «የሰረቅሁትን ድምፅ እየመለስሁ ነው፣ ሰላቢ» አሉኝ አንድ ቀን። ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ወባዋ ካከሳቻቸው በኋላ ነው። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ወሬ ጠየቁኝ። ከውጭ ተገዝቶ ስለሚገባ አዲስ ድሮን በየቦታው ይወራ ነበር፤ እኔም ከሰው የሰማሁትን ያህል ነገርኳቸው።

«ድምፁስ?» አሉ።

«መሬት ላይ ላለ ሰው አይሰማም ይላሉ።»

«ይሸከማል?»

ልዋሻቸው ፈለግኩ። አልቻልኩም። «ይሸከማል» አልኳቸው።

እጃቸውን ወደ ግራ ጆሯቸው ሰደዱ፤ እርሳሱን አወረዱና ትንሽ አገላብጠው አዩት። ከዚያ መልሰው መስካታቸውን ትተው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ለቀብሩ ስደርስ ሐጂ ከሱቁ ፊት ለፊት ድንኳን አስተክለው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ዘመድ ስለሌለ እኔ የለቅሶው ባለቤት ሆኜ ተቀመጥኩ። አልቃሿ አንዲት የገለጉ ሴት ናት፤ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለችና በጆሮዬ «ልጄ፣ ሥራቸው ምን ነበር? ምን ብዬ ላልቅስላቸው?» አለችኝ። ልናገር የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የወፍ ማስፈራሪያ ይሠሩ ነበር» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ተነሥታ ነጠላዋን አደገደገችና ድምፅዋን ለቀቀችው።

ለሰው ማሽላ ሁሉ ጩኸት ሲያቆምለት፣
ለሱ ሞት ሲመጣ ማን ድምፅ አሰማለት።

ሴትየዋ ምንም የምታውቀው ነገር የለም። እኔ ግን መሬት ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

ከቀብር በኋላ ብቻዬን ወደ እርሻው ወጣሁ። ማሽላው በስሏል። የሻምበል ጩኸቶች እዚህም እዚያም በሽመላቸው ላይ ይዞራሉ፤ ሜዳው ሁሉ በቆርቆሮ ድምፅ ይንጫጫል። አያ ጎሹን እዚያው ማማው ላይ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ወንጭፉ ትከሻው ላይ ነው። ከላይ ሆኖ «ነፍስ ይማር! ደግ ሰው ነበሩ!» ብሎ ጮኸልኝ። እጄን አነሳሁለት።

ነፋሱ በድንገት ቆመ። ቆርቆሮዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከዚያ፣ ምንም ድምፅ ሳይኖር፣ ማሽላው ላይ የሰፈረው ግሪሳ ሁሉ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ።

ቀና ብዬ አየሁ። አመድማ ሰማይ ነው። ጭልፊትም አልታየኝም፣ ሌላም ነገር አልታየኝም። አያ ጎሹ እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ከሩቅ እንደሚታይ ሆኖ ቆሟል።

«ውረድ!» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «አያ ጎሹ፣ ውረድ! ማሽላው ውስጥ ግባ!»

ደንግጦ ወደኔ ዞረ። «ምን ሰምተሽ ነው?»

«ምንም» አልኩት፣ ወደ ማማው እየሮጥኩ። «ምንም አልሰማሁም። ውረድ!»